የቀማሹ ቃር

መስከረም 18

ይድረስ ለቅመሜ፣ ለእህቴ ልጅ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እግርሽን ከእንቅፋት፣ እጅሽን ከትኩስ ድስት ይጠብቅልኝ። እኔና አክስትሽ ደህና ነን። ጎረቤቱም፣ ድመቷም፣ የሚያፈሰው ጣሪያችንም እንደነበሩ አሉ።

ባለፈው ስትደውዪ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያልኩ ጉሮሮሽን እንዳደረቅኩት አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የእንፋሎት ማሽን የጮኸበት ጆሮ ከዚህ በላይ አይሰማም። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንነጋገር። ወረቀት አያስጮኽም፤ ደግሞም ቁጣሽን ስደርስበት ገጹን እገለብጠዋለሁ።

የቲማቲም ድልህ ፋብሪካችን ወቅቱ ደርሷል። ከጠዋት ጀምሮ ቲማቲም የጫኑ መኪኖች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። የግቢው ቦይ፣ የሰው ጫማ፣ የጥበቃው ወንበር ሳይቀር ቀይ ሆኗል። እኔም ማንኪያዬን ይዤ ከድስት ድስት እዞራለሁ። የኛ ድስት ሁለት ሰው ቢደራረብ የሚውጥ የብረት ጋን መሆኑን አንቺ በልጅነትሽ አይተሻል። መሰላሉ ላይ ወጥተሽ ወደ ውስጥ አየሽና «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለኛ ነው?» ያልሽው እስካሁን ይወራል።

ሠራተኛው አሁንም «ማንኪያው» ነው የሚለኝ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ የአስተዳደር ሠራተኛ «ለአቶ ማንኪያው» የሚል ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ ላከልኝ። የአባቴን ስም ሹካ አለማለቱም አንድ ነገር ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለአክስትሽ የጉልበት ቅባት ስትልኪ አብረሽ የከተትሽው፣ የሚታኘክ ነጭ የቃር ኪኒን ነበር። ጣዕሙ የኖራ ቢሆንም ያበርዳል። አንድ ፓኬት ብቻ ብትልኪልኝ። በሽታ እኮ አይደለም፤ ትንሽ ቃር ናት፤ መጥታ ትሄዳለች። አንቺ ደግሞ ነገር አታካብጂ።

የሚጠላሽ አይይሽ፤ የሚያይሽ አይጥላሽ።

አጎትሽ


ጥቅምት 11

ለምወድዎት ጋሼ፦

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥልኝ። እቴቴንም ጉልበቷን እንደ ልጃገረድ ያድርግላት። ፖስታውን ስከፍተው እንደ ፋብሪካዎ ማርመላታ ማርመላታ ሸተተኝ። ጥግ ላይም አንዲት ቀይ ጠብታ ነበረች፤ ሰው ፊት ባልሆን እልሳት ነበር።

እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ያው ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ኩሽና ውስጥ ቆሜ በጎማ ቀበቶ ላይ የሚያልፉ ትሪዎችን እሞላለሁ። እያንዳንዱ ትሪ ላይ የበሽተኛው ካርድ አለ። ቀይ ካርድ ጨው አይነካም፤ ቢጫ ስኳር አይነካም። ሰማያዊው የቃር ነው። እና ጋሼ፣ ሰማያዊ ካርድ የተሰጣቸው ሰዎች ሁሉ «ትንሽ ናት፣ መጥታ ትሄዳለች» ብለው የከረሙ ናቸው። ስለዚህ ይፍቀዱልኝና ትንሽ ላካብድ።

የምግብ ባለሙያችንን ጠየቅኳት። እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ እሱኑ ስትፈልግ የምትውል ሴት ናት፤ ሥራዋን ግን ታውቃለች። «ቃር የሁሉም ሰው አንድ አይደለም» አለችኝ። «አንዱን ቡና ያቃጥለዋል፣ ሌላውን ቸኮሌት፣ ሌላውን ጥብሳጥብስ። ብርቱካን ሲበላ የሚያለቅስም አለ። ሁሉን በአንዴ ከከለከልሽው አጎትሽ በሦስተኛው ቀን ይሸሻል። መጀመሪያ ሌባውን ለይቶ ይያዘው።»

ሌባው የሚያዘው እንዲህ ነው። አንድ ፓኬት ኪኒን ልኬያለሁ፤ አብሮት አንድ ደብተር አለ። የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉበት። ያቃጠለዎትንም ሰዓት ይጻፉ። እንዲያው በደፈናው «ምሳ» ብለው እንዳያልፉ፤ ምሳው ምን እንደነበረ እፈልጋለሁ። አንድ ሳምንት ይበቃል። ከዚያ የተጠረጠረውን አንድ ነገር ለሁለት ሳምንት እናስቀራለን፤ ቃሩ ከቀነሰ ተያዘ ማለት ነው።

እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። እየሳቁም ቢሆን ይጻፉ።

የእጅዎ ፍሬ፣ ልጅዎ


ኅዳር 6

ይድረስ ለሐኪሜ፦

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለዩ። ያዘዝሽው ተፈጽሟል። አክስትሽ «በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ የፍቅር ቃል ያልጻፈልኝ ሰው ለድንች ደብተር ይዞ ቁጭ አለ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ግልባጩ ይኸው።

ሰኞ። አንድ ሰዓት ላይ ዳቦና ሻይ። አራት ሰዓት ላይ አቃጠለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ድንችና ካሮት። ስምንት ሰዓት ላይ አቃጠለኝ፤ አሥር ሰዓት ላይ ደገመኝ። ማታ ሩዝ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ የናና ሻይ ሆድ እንዲያረጋጋ። ስተኛ እስከ ጉሮሮዬ መጣ።

ማክሰኞ ዳቦ፣ ድንች፣ እንደ ሰኞ። ረቡዕ በድንቹ ፋንታ እንቁላል፤ ቃሩ ግን ቀጠሮውን አላዛነፈም። ሐሙስና ዓርብም ያው ነው፤ ቀለም ላለመጨረስ አልገለበጥኩትም። ቅዳሜ ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ጠዋት ብቻ አቃጠለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደህና ዋልኩ።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። እሑድ የተጠበሰ ሥጋ ከነስቡ በላሁ፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር፣ ሁለት ሳህን። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ሁለት ጊዜ አገሳሁ፤ አላቃጠለኝም!

እንግዲህ ሌባው በግልጽ ተይዟል። ዳቦና ድንች ናቸው። ሥጋ በነፃ ተለቋል። ከዛሬ ጀምሮ ዳቦ ትቻለሁ። ለምግብ ባለሙያዋ ንገሪያት፤ አዲስ ነገር ስለሆነ ስሜን ጠቅሳ ብትጽፈው አልከፋም።

ኪኒኑን አሁን ሁለት ፓኬት አድርጊው። አንዱ ለሥራ ጓደኛዬ ነው፤ እሱም ቃር አለበት፣ ምስኪን።

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ የፈራሽው ይራቅሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 29

ለምወድዎት ጋሼ፦

እንደ ደብተሩ ሐቀኛ ያድርግልኝ ብዬ ልመርቅዎት ነበር፤ ጓደኛዎ ትዝ አለኝና ተውኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለእኚህ ምስኪን ጓደኛዎ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። በመስታወት ሲያገኟቸው ይንገሯቸው።

ባለሙያዋ ደብተሩን ተርጉሜ ሳነብላት እሑድ ላይ ስንደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «ሥጋ ከነስቡ በነፃ፣ የተቀቀለ ድንች እስር ቤት» እያለች ለኩሽናው ሁሉ ተናገረች። ናናውን ግን አልወደደችውም። ናና ሆድ ያረጋጋል ይባላል እንጂ የጨጓራውን በር ያላላዋል፤ ቃር ያለበት ሰው ስለዚህ ባይጠጣው ይሻላል አለች። ይተውት። ከእራት በኋላም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አይተኙ። የአልጋውንም ራስጌ እግሮች በእንጨት ከፍ ያድርጉት፤ ትራስ መደራረብ አይሠራም፤ ሆድ ያጥፋል።

ከዚያ ደብተሩን ደግማ ተመለከተችው። «ይሄ አራት ሰዓት ምንድን ነው?» አለችኝ። «ቁርሱን በአንድ ሰዓት በላ። ምሳው ገና ነው። መሐል ላይ ምን ይበላል?»

እኔም የምጠይቅዎት እሱን ነው። በአራት ሰዓት ምን ይበላሉ? ስምንት ሰዓትና አሥር ሰዓት ላይስ? እሑድ ለምን የለም? ያልጻፉት ነገር አለ ጋሼ። ከረሜላም ቢሆን አልቆጣም።

ዳቦውን ይመልሱት፤ ምንም አላደረገዎትም። ፓኬቱን አንድ ብቻ ልኬያለሁ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 30

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፦

እንደምን ከርመሻል? መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሌላ አይምሰልሽ።

የአልጋውን ራስጌ በሁለት ግንድ አነሳሁት። ማታ እንደ ሰው እንተኛለን፤ ጠዋት ሁለታችንም እግርጌ ተጣጥፈን እንገኛለን። አክስትሽ «አልጋ ላይ ነው የተኛሁት ወይስ ተራራ እየወረድኩ ነው?» ትላለች። ናናውን ትቻለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በአራት ሰዓት ምን ትበላለህ ማለት ምን ማለት ነው? በአራት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ! ሥራ ላይ ቆሞ የሚበላ ሰው ይመስልሻል እንዴ? እቀምሳለሁ እንጂ አልበላም። ስምንት ድስት ድልህ አለ፤ አንዱን ሦስት ጊዜ እቀምሰዋለሁ፦ ሲጣድ፣ ወፍሮ ሲከብድ፣ ሊወርድ ሲል። ከዚያ ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቃሪያ አሥር በርሜል፣ ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ውሃውን። ከዚያ ስድስት ድስት የብርቱካን ማርመላታ። ይሄ ሥራ ነው። ልብስ ሰፊ በቀን ሃያ ሱሪ ቢለካ ሃያ ሱሪ ለበሰ ይባላል?

እንዳታስቢውም፤ መትፋት የሚባል ነገር የለም። አብሳዩም፣ ማሸጊያውም፣ ቧንቧ ላይ የቆመውም ሰው የሚያየው የኔን ጉሮሮ ነው። ማሽኑ እየጮኸ ቃል አይሰማምና ፊርማዬ መዋጥ ነው። ከዋጥኩ ድስቱ አለፈ፤ ወደ ማሸጊያ ይሄዳል። ከተፋሁ የሥሩ ቧንቧ ተከፍቶ ድስቱ በሙሉ ወደ ቦይ ይፈሳል። ዋናዋን አብሳይ፣ «ጄኔራሏ» የምንላትን፣ ታውቂያታለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ስታበስል አንድም ድስቷ ተተፍቶ አያውቅም፤ ይሄን እንደ ኒሻን ነው የምትይዘው።

ደግሞ ቀማሹ ታመመ ከተባለ ምላሱን ማን ያምናል? ማንኪያዬን ተቀብለው ሌላ ሰው ካቆሙ እኔ ምን እሆናለሁ? እጀታ።

ስለዚህ የሆዴን በሆዴ እይዛለሁ፤ አንቺ አራት ፓኬት ላኪልኝ።

አጎትሽ

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ)

ልጄ፣ ይህን የምጽፈው አጎትሽ ቴምብር ሊገዛ ወጥቶ ነው። ዳቦ ተውኩ ያለሽ አልወርድ ብሎት ነው። ድንቹንም በውሃ እያወረደ ነው የሚውጠው። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ጠዋት ጠዋት ድምፁ ይሻክራል፤ ያስለዋል። ያንቺ ኪኒን ሳምንት አይቆይም፤ እንደ ከረሜላ ነው የሚበላው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ልጅቷ ይዛኛለች» ይለኛል። ፈርቻለሁ። እንዳትነግሪው።


ጥር 16

ጋሼ፦

ሰላምታዬን በልብዎ ይቁጠሩልኝ፤ ቶሎ ወደ ነገሩ ልግባ።

ትናንት ሥራ ስጨርስ አንድ የሾርባ ማንኪያና ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ወሰድኩ። እርስዎ የቆጠሩልኝን ልክ ቆጠርኩ፤ ስምንቱን ሦስት ጊዜ፣ አሥሩን በርሜል፣ ስድስቱን ማርመላታ። አርባ ማንኪያ ውሃ ቀዳሁ። ሁለቱም ሳህኖች ሞሉ። ሁለት ሳህን ቲማቲም፣ ኮምጣጤና ብርቱካን በየቀኑ ይጠጣሉ ጋሼ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት! እና ደብተሩ ላይ አንዲት ማንኪያ እንኳ አልጻፉም። ባለሙያዋ ሳህኖቹን አይታ አልሳቀችም።

ልብስ ሰፊው ሱሪውን አይውጠውም።

ኪኒን አልላክሁም፤ አንድም። የላክሁልዎት ሁሉ የሚቆጨኝ ነው። ቃሩን ሳይሆን የጉሮሮዎን ጩኸት ነው ያፈንኩት። «ልጅቷ ይዛኛለች» ይላሉ አሉ። ጋሼ፣ እኔ ትሪ ሞልቼ የማልፍ ሴት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። እርስዎ ሐኪም ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ፤ እሱም ጥፋቴ ነው።

እቴቴን እንዳይቆጧት። ምግብ ሲውጡ እንደሚይዝዎት፣ እንደከሱም ነግራኛለች። እዚህ ሰማያዊ ካርድ ላይ «አይወርድለትም» የሚል ከተጻፈበት ሰውየው ዕለቱን ለሐኪም ይታያል። ምግብ መያዝ፣ ሳያስቡ መክሳት፣ ደም ማስመለስ፣ ሰገራ መጥቆር፤ ከነዚህ አንዱ ካለ ደብተርም ኪኒንም አይሆንም። ጉሮሮው ቆስሎ ሊሆን ይችላል። ከቁስልም የባሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ስጽፍ ምን እንደሚሰማኝ ልነግርዎት አልችልም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ደብተሩን ይዘው። እስከዚያ ድረስ ይትፉ። ስለ ማንኪያው አይናገሩኝ። እናቴ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ጊዜ እጄን የያዘኝ አጎቴ ነው እንጂ ማንኪያው አይደለም። ሁለተኛ ወላጅ አልባ አያድርጉኝ።

ልጅዎ


የካቲት 14

ጋሼ፣ መልስዎ ቀረብኝ። ከተቆጡም «ተቆጥቻለሁ» ብለው ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

ልጅዎ


የካቲት 30

ይድረስ ለቅመሜ፦

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ምላስሽንም ትንሽ ያሳጥረው። ተቆጥቼ ነበር። አሥር ቀን ያህል ተቆጣሁ። ከዚያ የሆነውን ስትሰሚ ግን ቁጣው ለማን እንደዞረ ታያለሽ።

«ይትፉ» ያልሽው ውስጤ ገባ። የመጨረሻዋን ማንኪያ ለሰው እውጣለሁ፤ ማንም ልብ የማይላቸውን የመጀመሪያውንና የመሐሉን በመሐረቤ እተፋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ብልህ ነኝ አልኩ። ሰኞ ጠዋት የጄኔራሏ ድስት ሲከብድ ቀመስኩ፣ ዞር አልኩ፣ መሐረቤን አውጥቼ እንትፍ።

የቧንቧው ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓይኑን ከጉሮሮዬ ነቅሎ አያውቅም ለካ። እኔ መሐረቤን ሳጥፍ እሱ ቧንቧውን ከፈተው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስምንት መቶ ኪሎ ድልህ እግሬ ሥር እየተንዶቀዶቀ ወደ ቦይ ሄደ። እጄን አወዛወዝኩ፣ ጮኽኩ፤ ማሽኑ ከኔ በላይ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያየኝ ጀመር።

ጄኔራሏ ከመሰላሉ ወረደች። ቦዩን አየች፣ ድስቱን አየች፣ እኔን አየች። አልተሳደበችም። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ሽርጧን ፈታ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጥታ ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመቷ በቦይ ፈሰሰ፤ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ድልኋም ምንም አልነበረበትም።

ያኔ ማሽኑን አስቆምኩ። ሠራተኛው ተሰበሰበ፤ ሥራ አስኪያጁም ከፎቅ ወረደ። ቅመሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «ድስቱ ጤነኛ ነው፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ስንት ጊዜ እንደሚያቃጥለኝ፣ ዳቦ እንደማይወርድልኝ፣ ከእነሱ ደብቄ በኪኒን እንደምቀምስ ሁሉንም ተናገርኩ። ይስቃሉ ወይም ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ነገ ጠዋት እዚህ እንዳላይህ፤ ሐኪም ቤት» አለ። የቧንቧው ሰው አለቀሰ፤ ጥፋቱ የሱ መስሎት።

ማታውኑ ከአክስትሽ ጋር ጄኔራሏ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሳልነግራት ሰምታ ነበር። «አንተ ደነዝ፣ መታመምህን ብትነግረኝ ቲማቲሙን አለዝብልህ ነበር» አለችና አስገባችን። ቲማቲም እንዴት እንደሚለዝብ እሷ ታውቃለች።

ሐኪሟ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዬ አስገባች። የምግብ መውረጃዬ ታችኛው ጫፍ ቆስሎ፣ ቁስሉ እየደረቀ አጥብቦታል። ከቁስሉ ቆንጥራ ወስዳ ወደ ምርመራ ላከችው። አሥራ ሁለት ቀን ጠብቁ ተባልን፤ ያንቺ ባለ አንድ መስመር ደብዳቤ የደረሰኝ በስድስተኛው ቀን ነው። መልስ ልጽፍ ቁጭ አልኩ፤ ብዕሩን ይዤ ቀረሁ። ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ፈርቼ ነበር። ለአክስትሽም አላልኩም፤ አሁን ላንቺ አልኩ።

ትናንት ውጤቱ መጣ። ክፉው አይደለም። ቁስል ብቻ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል። ሐኪሟ «ዓመት ቆይተህ ብትመጣ ይህን አልልህም ነበር» አለችኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ደብተሩን አሳየኋት። እሷም እሑድ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ፍርዱ ተገልብጧል፦ ቲማቲምና ኮምጣጤ ዋናዎቹ ሌቦች፣ ብርቱካንና ናና ግብረ አበሮች። ሥጋውም ከነስቡ በዋስ ነው የወጣው እንጂ ነፃ አይደለም። ዳቦና ድንችን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበልሽ፤ ያኔ ባትቆጪኝ ኖሮ ዛሬም ኪኒን እያኘኩ ነበር።

እናትሽ ብትኖር ኩራቷ ነበርሽ። እኔም ባለሁበት ኩራቴ ነሽ።

አጎትሽ


መጋቢት 19

ለምወድዎት፣ ለምወድዎት ጋሼ፦

ደብዳቤውን ያነበብኩት ትሪ ስሞላ ነው፤ ሥራ ላይ ማንበብ አይፈቀድም። «ክፉው አይደለም» የሚለው ላይ ስደርስ የጎማ ቀበቶውን ማቆሚያ ቁልፍ ተጫንኩና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። መቶ ስልሳ ትሪ ተሰለፈብኝ። ባለሙያዋ ሮጣ መጥታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ደብዳቤውን አሳየኋት። አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ፊቴን አይታ ግን ገባት፤ አቀፈችኝ። እርሳሷ ጆሮዬን ወጋኝ።

የዚያን ቀን ምሳ ለስድስት ደቂቃ ዘገየ። የተቆጣኝ አለቃ ምክንያቴን ሲሰማ «በሚቀጥለው ጊዜ ቆመሽ አልቅሺ» ብሎ ሄደ።

አሁን መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ተሻለኝ ብለው በራስዎ እንዳይተዉት። ዳቦው እየወረደ ነው? ሥራስ እንዴት ሆነ? ማንኪያውን ወሰዱብዎት ወይስ አለ? «ይትፉ» ስልዎት የጠየቅኩዎት ምን ያህል እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ጄኔራሏን በእኔ ስም ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ


ግንቦት 2

ይድረስ ለቅመሜ፦

ሰላምሽ ይብዛ፤ ያቀፈሽ ሁሉ ይታቀፍ። ዳቦው ይወርዳል። ከውጪው ቅርፊት ጋርም ይወርዳል። ቀበቶዬ ላይ ከበሳኋቸው ሁለት ቀዳዳዎች አንዱን መልሻለሁ። ስተኛ እስከ ጉሮሮ መምጣቱ ቀርቷል፤ አክስትሽ ግን ግንዶቹን አውጣ ብላ በየቀኑ ትከራከረኛለች። አላወጣም።

ማንኪያዬ አለ። ከሥራ ያስወጣኝም የለም። ሥራ አስኪያጁ «ምላስህ አልታመመም፤ ጉሮሮህን ለቤትህ ያዘው» አለኝ። አሁን በቆርቆሮ ኩባያ እተፋለሁ፤ ከዚያ አፌን በውሃ እጉመጠመጣለሁ። ድስቱ ካለፈ ማንኪያዬን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ ካላለፈ ወደ ታች እዘቀዝቀዋለሁ። የቧንቧውን ሰው ሦስት ቀን አስተማርነው። የመጀመሪያው ቀን ስተፋ እጁ በራሱ ወደ መክፈቻው ሄደች፤ በሌላኛው እጁ ይዞ መለሳት።

የከበደው ለሠራተኛው ነው። የተተፋ ድልህ ወደ ማሸጊያ ሲሄድ ለማየት ዓይናቸው እምቢ አለ። ማንኪያዬን አንስቼ ቆሜያለሁ፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ያኔ ጄኔራሏ ከመሰላሉ ወረደች። ማንኪያዬን ከእጄ ወሰደች፣ ከድስቷ ቀዳች፣ ሁሉም እያያት ዋጠች። ከዚያ ማንኪያውን መለሰችልኝ። «እሱ ይቀምሳል፤ እኔ እውጥለታለሁ» አለች። በዚያ ጩኸት ውስጥ አንድም ሰው አልሰማትም። እኔ ደንቆሮው ግን ከከንፈሯ አነበብኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለየድስቱ አንዳንድ ማንኪያ እሷ ስትውጥ ከረመች። ሥራዋን ትታ ትመጣለች፣ ትውጣለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቃል አልተነጋገርንበትም። እኔም አላመሰገንኳትም፤ ማመስገን የነገሩን ዋጋ የሚያሳንስ ይመስለኛል።

ትናንት ቲማቲሙ በዝቶ ሰው ሁሉ ይራወጣል። አራተኛውን ድስት ቀመስኩ፣ ተፋሁ፣ ማንኪያዬን አነሳሁ። ጄኔራሏን ፈለግኳት፤ ሽንኩርት ክፍል ነበረች፤ ረስታለች። ቆሜ ጠበቅኩ። ቧንቧው ላይ የቆመው ሰው ማንኪያዬን አየና ወደ ማሸጊያ ለቀቀው። ማሸጊያው ተቀበለ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ከፋኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ጉሮሮዬን ሲያይ ኖሮ ድንገት ማንም አላየውም። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

አጎትሽ